ባዶ ሳህን ማስረጃ ነው? የአረጋውያን ማዕከል ምግብ ጉዳይ

የአዌቱ ልጅ፦ ሰሞኑን እዚሁ ጅማ አንድ የአረጋውያን ማዕከል ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ከመካከላችን አንዷ ስለ ምግቡ ጥራት ጠየቀች። ከኃላፊዎቹ አንዱ «ሳህኑ ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» አለ። ሰውም አጨበጨበ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የማዕከሉን ስም አልጠራም። የምግብ ጥራት የሚለካው በዚህ ነው ወይ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

መርካቶ ሰፈር፦ ምኑ ነው ያናደደህ? እነዚህ አባቶችና እናቶች ትናንት በረንዳ ላይ ነበሩ። ዛሬ በቀን ሦስቴ ይበላሉ። እኔ ጤፍና ዘይት ይዤ እየሄድኩ ወጥ ቤቱን አውቀዋለሁ። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ለጽድቅ ብለው ነው የሚለፉት። አንተ አንዴ ጎብኝተህ ልትፈርድባቸው ነው?

የአዌቱ ልጅ፦ በልጆቹ ላይ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ባዶ ሳህን ማስረጃ አይሆንም ነው ያልኩት።

ሲስተር ከአጂፕ፦ አይሆንም! ሳህኑን ማን ባዶ እንዳደረገው መታየት አለበት። ጥርስ የሌላቸው እናት የደረቀውን እንጀራ ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ። ሌላው አባት በጨርቅ ጠቅልለው ትራስ ስር ይሸሽጋሉ፣ ለነገ። አጉራሽ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ አሉ፤ አጉራሹ ከቸኮለ ግማሹ ይደፋል። ሳህኑ በሦስቱም መንገድ ባዶ ነው። ማየት ያለብን ሰውዬውን ነው። አንድ አረጋዊ በአንድ ወር ከክብደታቸው 5 በመቶ ካጡ አደጋ አለ ማለት ነው። መቆም ለማይችሉት ሚዛን እንኳን አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የባታቸው ዙሪያ ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት እንዳለባቸው እንጠረጥራለን። ይህ ስንት ብር ይፈጃል?

መርካቶ ሰፈር፦ ሲስተር፣ ሙያሽን አከብራለሁ። ግን ሜትር ይዞ መጥቶ ከሚለካ ይልቅ አንድ ኩንታል ይዞ የሚመጣ ይሻለናል።

ሲስተር ከአጂፕ፦ ኩንታሉ ለማን ሆድ እንደደረሰ በምን ታውቃለህ ወንድሜ?

የጅሬን ልጅ፦ ሁላችሁም ዋናውን ረሳችሁት። ጅማ ውስጥ ነን። ሙስሊምም ክርስቲያንም አንድ ጣሪያ ስር ነው የሚያድረው። ሥጋ ሲመጣ ማን ባረከው የሚለው ካልተለየ ግማሹ ሰው አይነካውም። እኔ ባየሁት ቤት አንድ ድስት ነው ያለው። የእኛ አባቶች ሥጋው ሲቀርብ «አመመኝ» ብለው ይተዋሉ እንጂ አይናገሩም። የተዉት ደግሞ ለሌላው ይሰጣል። ያው ሳህኑ ባዶ ይመለሳል።

ፈረንጅ አራዳ፦ ወንድሜ፣ የኛም እናቶች እኮ እንደዚያው ናቸው። አሁን ይሄን የሃይማኖት ጉዳይ አታድርገው።

የጅሬን ልጅ፦ የሃይማኖት ጉዳይ ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። የሰው እምነት የምግቡ ጥራት አካል ነው። ሁለት ድስትና ሁለት ጭልፋ ነው የምጠይቀው። ይሄ ያስቀይማል?

ፈረንጅ አራዳ፦ አያስቀይምም። «የእኛ አባቶች» ማለትህ ነው ያስቀየመኝ።

ከሜልቦርን፦ እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። አሁን አውስትራሊያ በአረጋውያን ማዕከል ወጥ ቤት እሠራለሁ። እዚህ በፈረንጆቹ 2018 በአረጋውያን እንክብካቤ ላይ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። የመጨረሻ ሪፖርቱ በ2021 ወጣ። ማዕከላቱ ለአንድ ሰው ምግብ በቀን በአማካይ 6 ዶላር ገደማ ብቻ ያወጡ እንደነበር ያን ጊዜ ብዙ ተወራ። ከዚያ መንግሥት ለአንድ ሰው በቀን 10 ዶላር ጨመረ። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ምግብ ለብቻው የጥራት መስፈርት ወጥቶለታል። አረጋውያኑ ራሳቸው ይጠየቃሉ፤ ምን እንደሚወዱ፣ መቼ መብላት እንደሚፈልጉ፣ ማኘክና መዋጥ ይቸግራቸው እንደሆነ።

መርካቶ ሰፈር፦ እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ሰጠሽ። መንግሥት 10 ዶላር ጨመረ። እኛ ማን ይጨምርልናል? አውስትራሊያን እዚያው ተዪልን።

ከሜልቦርን፦ ብሩ የተጨመረው ችግሩ ከታወቀ በኋላ ነው። ችግሩም የታወቀው ተጠይቆና ተመዝኖ ነው። «ባዶ ሳህን» ብለው ቢያጨበጭቡ ኖሮ ማንም አይጨምርላቸውም ነበር።

ሕግ ተማሪ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አረጋውያንን የመርዳት ኃላፊነት አለበት ይላል። ሁሉም ነገር በበጎ አድራጊ ትከሻ ላይ ለምን ይጣላል?

መርካቶ ሰፈር፦ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚለውን ለምን ዘለልከው?

ሕግ ተማሪ፦ አልዘለልኩትም። አቅም ለመፈተሽም ጉድለቱ መጠኑ መታወቅ አለበት። ባዶ ሳህን ይሄን አይነግረንም።

የወጥ ቤት በጎ ፈቃደኛ፦ ከውስጥ ላውራ። ሠራተኛው ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ እራት 11 ሰዓት ላይ ይቀርባል። ቁርስ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 15 ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆድ! የስኳር ሕመምተኛ አለ፣ ሌሊት የሚያዞረው አለ። ለምሳ የሚቀርበው ሽሮም በወሩ መጨረሻ እየቀጠነ ይሄዳል። በበዓል ግን ሦስት ሰው በሬ ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ቀን ሁሉም ይታመማሉ። እባካችሁ የልደትና የሠርጋችሁን ድግስ በአንድ ቀን አታምጡ። እንቁላልና ወተት በየሳምንቱ ብትልኩ ይሻላል። ሲመሽ አንድ ኩባያ አጥሚት ቢሰጥ እንኳን ትልቅ ለውጥ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ በጾምስ? የሰማንያ ዓመት ሰው ያለ ወተት ሁለት ወር?

የወጥ ቤት በጎ ፈቃደኛ፦ የታመመውን የንስሐ አባቱ ይፈቱታል፤ እምቢ የሚሉ ግን ብዙ ናቸው፣ ማስገደድ አይቻልም። ለእነሱ አቮካዶ አለ። ጾም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ቅባት አለው፣ ጅማ ደግሞ ሞልቷል። ምስሩም በደንብ በስሎ ቢፈጭ ይውጡታል። በአንድ ማንኪያ እየሞከሩ ማየት ነው።

የጅሬን ልጅ፦ በረመዳንም መጾም ያቃተው አረጋዊ ፊድያ ይከፍላል፣ ማለትም በጾሙ ፋንታ ድሃ ያበላል እንጂ አይገደድም። ለሚጾመው ግን እራቱ 11 ሰዓት ቀርቦ ፀሐይ ጠልቃ ማግሪብ እስኪሆን ይበርዳል። ይሄንንም ጻፉልኝ።

መርካቶ ሰፈር፦ ስለ ሰዓቱ የተባለውን እቀበላለሁ። የኃላፊውን ስም የሚያጎድፍ ነገር ግን አልቀበልም። ያ ሰው የራሱን መኪና ሸጦ ነው አልጋ የገዛው።

የአዌቱ ልጅ፦ መኪናውን መሸጡ ክብር ያሰጠዋል። አነጋገሩን ግን ትክክል አያደርገውም።

መርካቶ ሰፈር፦ በጭብጨባ መሐል በተባለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሰው አይሰቀልም!

ሲስተር ከአጂፕ፦ ማንም አልተሰቀለም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ቅዳሜ ሜትርና ሚዛን ይዘን እንመጣለን። በየወሩ እንመዘግባለን። አንተ ታስገባናለህ ወይስ አታስገባንም?

መርካቶ ሰፈር፦ እኔ በር ጠባቂ አይደለሁም። ኮሚቴውን ጠይቂ።

የጅሬን ልጅ፦ ኮሚቴው «ባዶ ሳህን» ያለው ሰውዬ አይደል እንዴ?

መርካቶ ሰፈር፦ አሁንም እሱኑ ታነሳለህ? ጤፍ ያመጣው ማን እንደሆነ ቆጥረን እንነጋገር።

የወጥ ቤት በጎ ፈቃደኛ፦ ሲስተር፣ በእኔ በኩል ነይ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ከቁርስ በኋላ። አረጋውያኑን ግን ከመመዘንሽ በፊት ጠይቂያቸው፤ ከእኛ መካከል እስካሁን «ምን ልሥራልዎት?» ብሎ የጠየቃቸው የለም።