ክርክር፦ ሁለተኛው ቅጽ ለወጣቶች ንባብ ክፍል ይገዛ ወይስ ይቅር?

አስተባባሪ፦ ጀመዓ፣ እንዴት ዋላችሁ። ለሰፈሩ የወጣቶች ንባብ ክፍል ባዋጣነው ብር መጽሐፍ ልንገዛ ስንል ተከፋፍለናል። የስቲቨን ኤሪክሰን ባለ 10 ቅጽ ምናባዊ ልብወለድ የመጀመሪያው መጽሐፍ አለን፤ ልጆቹ እየተሻሙ አነበቡት። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ዴድሃውስ ጌትስ»፣ ይጨመር ሲባል ግን «ለደሴ ልጅ ይሄ አይሰጥም» የሚል ተነሣ። ላላነበበ፦ አህጉሩ በሙሉ ያምፃል፤ ኮልቴን የሚባል የጦር አዛዥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ተፈናቃይ ይዞ በረሃ ለበረሃ እየተዋጋ ያቋርጣል። ሐሳብ ስጡ። የሚሳደበውን አስወጣለሁ።

ጦሳ ሥር፦ መጨረሻውን የሚነግረኝ ሰው ግን ከእኔ ጋር አይተያይም። ገና ግማሹ ላይ ነኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ እኔ ይቅር ባይ ነኝ። በ2013 ክረምት ሳስተምርበት በኖርኩት ክፍል ከቆቦና ከወልድያ የመጣ ሰው ያድር ነበር። ዴስክ ደርድረው አልጋ አደረጉት፤ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ አይቻለሁ። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነና ወጣን። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ነው ዛሬ ንባብ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው። ጎረቤቴ ያለች ልጅ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ እስካሁን ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ለእሷ ነው የስደት ታሪክ የምትገዙት?

አይጠየፍ ሰፈር፦ ጋሼ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስነበቡን? በዛብህ ሞተ፣ ሰብለ ሞተች፣ ጉዱ ካሳም ሞተ፣ ሦስቱም አንድ መቃብር ገቡ። ከ1958 ጀምሮ አገር ሲያለቅስበት «ጨለማ ነውና ይቅር» ያለ አልሰማንም።

ጡረተኛው መምህር፦ እሱን ስታነብ እኮ ከመኝታህ ተነሥተህ አልሮጥክም ነበር።

ቦርከና፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፤ የማታ ፈረቃ ገብቼ በእረፍት ሰዓት ነው የምጽፈው። የእኔ ተቃውሞ ከጋሼ ይለያል። መጽሐፉ ሰው ያደክማል! የመጀመሪያውን ቅጽ ሰዎች በስንት መከራ ስም በስም ለምጄ፣ ሁለተኛውን ብከፍት ሌላ አህጉር። ፊድለር፣ ካላምና ጥቂቶች ናቸው የተሻገሩት፤ ሌላው አዲስ ሰው፣ አዲስ አምላክ፣ አዲስ ጎሣ። «ዴርቶጋዳ»ን የጨረሰ ሰው «ራማቶሓራ»ን የገዛው የሚያውቃቸውን ሰዎች ፍለጋ አይደል? በዚያ ላይ እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ እኔ በመዝገበ ቃላት ነው ያዘገምኩት። ብሩ ካለ አምስት የአማርኛ መጽሐፍ ይገዛበት።

የሆጤዋ፦ ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር ልሞግትዎ። እኔም ያን ሳምንት ወጥቻለሁ። ከሆጤ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ እኛ እናቴን ይዘን ቀኑን ሙሉ ሄድነው። ባለ መኪናው የጠራውን ዋጋ መክፈል የቻለ አለፈን፤ አንዳንዱ ፍሪጅ ጭኖ ነበር። ይሄን መጽሐፍ ሳነብ ምን አገኘሁ መሰለዎት? መኳንንቱ በዚያ ሁሉ ጥማት መሃል ማዕረጋቸውን ቆጥረው «ለእኛ ቅድሚያ» እያሉ ይነጫነጫሉ። ወላሂ ሳቅኩ፤ ፍሪጁ ነው ትዝ ያለኝ።

ደራሲው ጦርነትን አያሽሞነሙንም። ሰውዬው የአርኪዮሎጂና የአንትሮፖሎጂ ሰው ነው፤ አፈር ሲቆፍር የኖረ ሰው የተሸነፈውም የራሱ ታሪክ እንዳለው ያውቃል መሰለኝ። ከተፈናቃዩ ጋር ዱይከር የሚባል ሽማግሌ ታሪክ ጸሐፊ ይጓዛል። አብሮ ይጠማል፣ አብሮ ይቆስላል፣ ያየውን ሊጽፍ ይሞክራል፣ የቱን ጽፎ የቱን እንደሚተው ይጨነቃል። እኛን ማን ጻፈን ጋሼ? መንገድ ላይ የወለደችውን ሴት ስሟን እንኳን አልጠየቅኋትም። መጽሐፉን ዘግቼ ደብተር ያነሣሁት ያን ቀን ነው።

መጨረሻውም፣ ጦሳ ሥር ዓይንህን ጨፍን፣ ተፈናቃዩ የአሬን ከተማ በር ይገባል። እዚያ ያደረሰው ጦር ግን ከግንቡ ውጭ ያልቃል፤ በግንቡ ላይ የቆመው ያያል፣ አይወርድም። ይሄን ለደሴ ልጅ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ጦሳ ሥር፦ ኧረ በአላህ! ምን አደረግኩሽ?

አይጠየፍ ሰፈር፦ አብሽር፣ ገና ስምንት ቅጽ ይቀርሃል።

ጡረተኛው መምህር፦ የኔ ልጅ፣ ደብተሩን ማንሣትሽን ወደድኩት። አንቺ ግን ትልቅ ሰው ነሽ። የልጅ ልጄ ስለ ፌሊሲን ነገረችኝ። ለጋ ልጅ፣ በገዛ እህቷ ትእዛዝ ወደ ማዕድን ማውጫ ግዞት ትላካለች፤ በሕይወት ለመቆየት ገላዋን እስከ መስጠት ትደርሳለች። ይሄም ለ14 ዓመት ልጅ ይሁን ትያለሽ?

የሆጤዋ፦ እሱ ላይ መልስ የለኝም ጋሼ። ያን ክፍል እኔም እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት፤ በኋላ ተመልሼ ጨረስኩት። በጦርነት ጊዜ ሴት ልጅ ላይ የሚደርሰውን ዋሽቶ አልጻፈም፤ ለ14 ዓመት ልጅ ግን እኔም አልሰጥም። 18 የሞላው ፈርሞ ይውሰድ፤ መደርደሪያው ላይ በግልጽ አይቀመጥ።

ቦርከና፦ 18 የሞላው ብቻ የሚወስደው ከሆነ ለምን ከወጣቶቹ ብር ይገዛል? በዚህ ጥያቄ አልለቃችሁም።

አስተባባሪ፦ ትክክል ብለሃል። ከዚያ ብር አይነካ፤ የሚፈልጉ ትልልቆች ለብቻ ያዋጡ ወይ? ድምፅ እሑድ ነው።

ቦርከና፦ እሑድም ፈረቃ ነኝ። ከአሁኑ «ይቅር» ብለህ መዝግብልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔም ያው ነኝ። የሆጤዋ፣ ያንቺ ቅጂ አለ አይደል? ፒያሳ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ። የፌሊሲንን ገጾች በእርሳስ ምልክት አድርጊልኝ፤ ከእነሱ ነው የምጀምረው። ፊደሉ ደቃቅ ከሆነም መነጽር እቀይራለሁ።

የሆጤዋ፦ ቅዳሜ ጠዋት አመጣልዎታለሁ ጋሼ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ በፕላስተር ነው የያዝኩት።

ጦሳ ሥር፦ ጋሼ፣ ጨርሰው እዚህ ሲጽፉ ስለ ፌሊሲን መጨረሻ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ። እሷ ብቻ ነች የቀረችኝ።