የፊልሜ መክፈቻ «ለዱርዬነት ማስታወቂያ ነው» ተባለ፤ እስቲ እናንተ እዩት

ጉም_ደሴ፦
ሰላም ጀማው። ከደሴ ነኝ፣ የፊልም ተማሪ፣ የመጨረሻ ዓመት። መመረቂያዬ አጭር ፊልም ነው። ስለ ሰፈር ግሩፕ፣ ስለ ቡድን ጸብ፣ «የዚያ ሰፈር ልጅ በዚህ አያልፍም» ስለሚባለው ነገር። ፊልሙ ገና ነው፤ ያለቀው መክፈቻው ብቻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ለመምህሬ ባሳየው «ይሄ ለዱርዬነት ማስታወቂያ ነው» አለና ስልኬን መለሰልኝ። ምኑ ላይ ብለው «ደግመሽ እዪው» ብቻ። ደግሜ አየሁት። ለእኔ ጥሩ ሆኖ ነው የታየኝ፣ ምን ላድርግ።

ቪዲዮውን ለጥፌዋለሁ፤ ኢንተርኔት ለከበዳችሁ ቅደም ተከተሉን ልጻፈው። መጀመሪያ ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኜ በስልክ ያነሳሁት ከተማው አለ፣ ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ። በላዩ አንድ ልጅ ይተርካል፦ «ይህች ደሴ ናት። የፍቅር አገር ይሏታል። እኛ ግን ሌላ ደሴ እናውቃለን።» ከዚያ አምስት ልጆች ፒያሳን ቁልቁል በስሎው ሞሽን ይመጣሉ፣ ከስሩ የሂፕሆፕ ቢት አለ። ሴንጢ በክሎዝአፕ፣ ሲከፈት ሲዘጋ። ሱቅ ገብተው ሲጋራ አንስተው ሳይከፍሉ ይወጣሉ። ወዲያው የሌላ ሰፈር ልጆች ይደርሳሉ፤ በሰኞ ገበያ በኩል በጠባቧ መንገድ ሩጫ፣ ከዚያ ድብድብ። በድብድቡ መሃል አንድ የ10 ዓመት ገደማ ልጅ የትልልቆቹን ጃኬት ታቅፎ ቆሞ ለጥቂት ሰከንድ ይታያል። ከዚያ ጥቁር፣ ርዕስ።

እውነት ማስታወቂያ ይመስላል? ትረካውስ ይቆይ ይውጣ? ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለውን ለማየት ትቀመጣላችሁ ወይስ ታልፉታላችሁ? ሳትራሩ ንገሩኝ፣ ግን ሰው መሆኔንም አትርሱ።

ሐረጎ_ቁልቁል፦
አየሁት እህቴ። መምህርሽ ነገሩ ገብቶታል፣ ማስረዳት ነው የሰነፈው። ሴንጢው ላይ አትጨነቂ። ችግሩ ካሜራሽ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። አምስቱ ልጆች ሲመጡ ስልኩን ጉልበት አካባቢ ዝቅ አድርገሽ ወደ ላይ አነሳሻቸው። እንደዚያ የታየ ሰው ሁሉ ግዙፍ ነው፣ የቀበሌ ዘበኛም ቢሆን። በዚያ ላይ ስሎው ሞሽን፣ በዚያ ላይ ቢት። ሱቁ ውስጥ ስትገቢ ደግሞ ባለሱቁን ከልጆቹ ትከሻ በላይ ሆነሽ ወደ ታች ታይዋለሽ። ልጆቹ ትልቅ፣ ሰውየው ትንሽ። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ተመልካቹ ከማን ጋር እንደሚቆም ነግረሽዋል፣ ሲጋራውን አብሮ ሰርቆ ወጣ ማለት ነው።

የሱቁን ብቻ እንደገና ቅረጪው። ካሜራው ከባንኮኒው ጀርባ ይሁን፣ በባለሱቁ ዓይን ልክ። የደሴ ሱቅ ጠባብ ነው፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ አምስት ልጅ በሩ ላይ ሲቆም ሱቁ ይጨልማል። ማስፈራራቱ በዚያች ጨለማ ያልቃል፣ ዲያሎግ አትጨምሪበት። ልጆቹን ጭራቅ አድርጊያቸው ማለቴ ደግሞ አይደለም። እንደዚያ ካደረግሽው የማስተማሪያ ድራማ ይወጣውና ሰው ቻናል ይቀይራል።

የጃኬቱ ነገር ጥሩ ነው። እኛ ጋ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ብትቀርጪው ጃኬት ከየት ታመጪ ነበር፣ ሃሃ።

ቆይ_አንዴ፦
እኔ አልስማማም። እዚህ አገር ፊልም ሲሠራ ሁሉም ሰው ስብከት ይፈልጋል። ልጆቹ ያምራሉ? አዎ ያምራሉ። ግሩፕ ውስጥ የሚገባው ልጅም የሚገባው ስለሚያምሩት ነው። ማማሩን ካወጣሽው ያ ትንሽ ልጅ ለምን ጃኬት ታቅፎ በብርድ እንደቆመ ማን ይገባዋል? የስሎው ሞሽኑ እርምጃ ይቆይ። ግን የማን ዓይን እንደሆነ አሳዪን። ልጁ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እያያቸው ከሆነ፣ ዝቅ ያለችው ካሜራ የእሱ ቁመት ናት፤ ያኔ ሐረጎ ያለው ችግር ራሱ መልስ ይሆናል። አሁን ግን ማንም እያያቸው አይደለም፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምታያቸው።

ሴንጢውን በተመለከተ፦ በ2002 የወጣውን የብራዚል ፊልም ሲቲ ኦፍ ጎድ አይተሽው ከሆነ መክፈቻው ላይ ቢላዋ ይሳላል፣ በክሎዝአፕ። ግን የሚሳለው ለዶሮ ነው። ድግስ ነው። ዶሮዋ ታመልጥና የሰፈሩ ልጆች ሽጉጥ ይዘው ሲያባርሯት ሳቅ በሳቅ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ግን አንዱ ልጅ በወሮበሎቹና በፖሊስ መሃል ተይዞ ይቀራል። ማንም ሳይወጋ ፍርሃቱ ከመጀመሪያዋ ሾት ጀምሮ አለ። ያንቺ ሴንጢ ምን እየሠራ ነው? ይከፈታል፣ ይዘጋል። ብርቱካን ይላጥበት፣ ጫት ይከርከምበት፣ የሆነ ሥራ ስጪው። ሥራ የያዘ ስለት የበለጠ ያስፈራል።

ኮፒ አድርጊ አላልኩም ደግሞ። ዶሮ እንዳታመጪ።

ጃኬት_ያዥ፦
ይሄን እዚህ ለመጻፍ ብዬ አካውንት ከፈትኩ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሌላ ከተማ ነው የምኖረው። ያቺን የልጁን ሾት ሳይ ቪዲዮውን አቆምኩት።

እኔም በጃኬት ያዥነት ነው የጀመርኩት። ማንም ሰው በሴንጢ አይጀምርም። ሰፈር ውስጥ ያለ ትንሽ ልጅ ትልልቆቹ ከሚቀመጡበት ጠርዝ አጠገብ መቆም ይጀምራል፣ ሂድ ይሉታል፣ አይሄድም፣ ከዚያ ሲጋራ ግዛ ይሉታል፣ ይገዛል፣ መልሱን ሳይጎድል ያመጣል። አንድ ቀን ጸብ ይነሳና ጃኬታቸውን አውልቀው ይጥሉበታል። ሕጉ አንድ ነው። ጃኬት የያዘ አይሮጥም። ምንም ቢመጣ፣ ድንጋይም ቢዘንብ። ከሮጥክ ጃኬት ይዘህ እንደሮጥክ ነው የሚወራው፣ በሰፈሩ መኖር አትችልም። ካልሮጥክ ማታ ጃኬቱን ሲቀበልህ አንዱ ትከሻህን መታ ያደርግሃል። ከዚያ በኋላ እናትህ ብትመክር፣ መምህር ብትመክር፣ ማን ይሰማል።

ስለዚህ ልጁ በድብድቡ መሃል ለትንሽ ሰከንድ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ፊልሙ እሱ ነው። ከእሱ ጀምሪ።

ሌላው ነገር፣ ልጆችሽ አይቀመጡም። ይሄዳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይደባደባሉ። ግሩፕ ማለት እኮ ዘጠና በመቶው መቀመጥ ነው። ሥራ የለም፣ ትምህርት ተቋርጧል፣ ሳንቲም አዋጥቶ በርጫ መያዝ፣ ያላፊ አግዳሚውን እርምጃ ማየት፣ አንድ ወሬ ለሳምንት ማኘክ። ጸቡ የሚመጣው ከዚያ መሰላቸት ነው፣ አንዳንዴ ምክንያቱን ከተደባደብን በኋላ ነበር የምንጠያየቀው። በእኛ ጊዜ ደግሞ የአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ ወጥቶ ነበር፣ ቁጥር 384/1996። በእሱ የተጠረጠረ በዋስ አይለቀቅም ነበር። ጠርዝ ላይ መቀመጥ ራሱ ልብ ይፈልግ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የተቀመጡበት አንድ ረጅም ሾት ስጪን፣ ምንም የማይሆንበት፣ ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ ሲያይ። እኔ ለዚያ ሾት ነው የምቀመጠው።

ደግሞ ልጆቹ የአዲስ አበባ ልጅ አወራር ነው የሚያወሩት። እንደ ቤታቸው ያውሩ አቦ።

ሰርግ_ቆራጯ፦
ስለ ሐሳቡ ብዙ ተባለ፣ እኔ ወደ እጅ ሥራው ልግባ። እንጀራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፣ በስልክና በደካማ አምፖል የተቀረጸ ነገር ሲመጣልኝ ነው የሚውለው።

ሱቁ ውስጥ ምስሉ ይርገበገባል። አምፖሉ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በ25 ፍሬም (በሰከንድ 25 ምስል) ቅረጪና ሻተርሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ቆልፊው፤ ስልክሽ ላይ ይሄን የሚፈቅድ አፕ አለ። ስሎው ሞሽኑ ደግሞ የሚቆራረጠው በ25 ቀርጸሽ በኋላ ስላዘገየሽው ነው። ከጅምሩ በ50 ይቀረጽ። መውጫው ላይ ብርሃን ሲቀያየር ፊታቸው የሚነጣውና የሚጠቁረው ስልኩ በራሱ ስለሚያስተካክል ነው፣ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) ጣትሽን ስክሪኑ ላይ ይዘሽ ቆልፊው።

ሩጫው ላይ ጠፋሁ። ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ቀጣዩ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ። ተመልሶ እየሮጠ መሰለኝ፣ ማን ማንን እንደሚያባርርም ጠፋኝ። መንገዱን ተሻግረሽ ከማዶ ስለቀረጽሽ ነው። አንድ ወገን ያዢና እዚያው ሁኚ። መሻገር ግድ ከሆነብሽ በመሃል ልጁ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው የሚመጣበት ሾት ይግባ፣ ከዚያ በኋላ አቅጣጫው ቢቀየር ዓይን ይቀበለዋል።

ትረካው ይውጣ። ድምፁ እንደ ባዶ ጋን ያስተጋባል፣ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ቢቀረጽ ይስተካከላል፣ ግን አረፍተ ነገሩ ራሱ ጎንደርም ጅማም ቢሄድ የሚሠራ ነው። ማለዳ ደሴ ላይ አዛኑም ቅዳሴውም ይሰማል፣ ባጃጁ ይነሳል፣ እነሱን ብቻ ስሚ። ከተማው የት እንደሆነ ለወሎ ሰው በዚያው ይገባዋል። ግን አዛን እያለ ንግግር አትቅረጪ። ስትቆርጪው ይዘላል፣ ሰው ደግሞ አዛኑን በቃሉ ስለሚያውቀው ወዲያው ይነቃብሻል። ዝም ብለሽ ቆመሽ የሰፈሩን ድምፅ ለብቻው ቅረጪና ከስር አንጥፊው።

ሂፕሆፑን ካወጣሽው ደግሞ ዞረሽ ክራር በትዝታ እንዳታመጪብን፣ እለምንሻለሁ። ባቲና አምባሰል የእኛው ቅኝት ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ፣ ልጅ ሲፈነከት ግን አይደለም። ያለ ሙዚቃ ሞክሪው መጀመሪያ።

እናት_ቧንቧ_ውሃ፦
ልጄ ነው ያሳየኝ። እሱ ስለሚያምረው ነው ያሳየኝ፣ እኔን ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። በሩጫው መሃል ከኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ገብታ በሯን ስትዘጋ ትታያለች። ተዋናይ ናት? ካልሆነች አልፈርድባትም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ስንቱ በእግሩ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሮጥ ያየ ምን ተፈጠረ ብሎ አይጠይቅም፣ በሩን ይዘጋል። እና የኔ ልጅ፣ ስትቀርጪ ሰፈሩን ቀድመሽ አስነግሪ። ቀበሌም ፖሊስም ደብዳቤ ይድረሰው። ስለቱ የእንጨት ይሁን፣ የውሸት ሽጉጥ የሚባል ነገር ደግሞ በፍጹም መንገድ ላይ እንዳይወጣ፤ በዚህ ጊዜ ከሩቅ የሚያይ የታጠቀ ሰው ፕላስቲክ ይሁን ብረት በምን ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ። አምስት ወንድ ልጅ ጠዋት ከየቤቱ ወጥቷል። ቁርስ ማን አበላቸው? ያንን ጃኬት ማን አጠበው? እናትም እህትም የለችበትም ፊልምሽ ውስጥ፣ አንቺ ሴት ልጅ ሆነሽ።

ጉም_ደሴ፦
እትዬ፣ ሴትየዋ ተዋናይ አይደሉም። በዚያን ሰዓት አላየኋቸውም፣ ኤዲት ሳደርግ ነው ያየኋቸው፣ ደስ ብሎኝ ነበር የተውኩት። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ ሄጄ አናግራቸዋለሁ። እሺ ካሉኝ ይቆያል፣ አይሆንም ካሉ ይወጣል። የሰፈሩን ማስነገር ደግሞ በእድር በኩል አደርገዋለሁ፣ ከቀበሌው ደብዳቤ እሱ ይፈጥናል።

ጃኬት ያዥ፣ ያልከውን ለተዋናዮቹ አነበብኩላቸው፣ አንዱ ዝም ብሎ ወጣ። መክፈቻውን እንደዚህ ላደርገው አስቤያለሁ፦ ልጁ ቤት ውስጥ፣ እህቱ ጃኬት ስታጥብ፣ የእሱ ያልሆነ፣ ለእሱ የሚሰፋ ጃኬት። የማን ነው ትለዋለች፣ አይመልስም። ከዚያ ጠርዙ፣ መቀመጡ። የፒያሳው እርምጃ ከልጁ ዓይን። ሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ። ከጦሳ የተነሳው ይወጣል፣ ለእሱ ብዬ የወጣሁት ዳገት ግን ያናድደኛል። ሩጫውን አልቆርጠውም። ስለ ሩጫው ማንም ቢለምነኝ አልሰማም።

ሐረጎ_ቁልቁል፦
እህቱ ስታጥብ ያልሽው ጥሩ ነው፣ ግን «የማን ነው» ብላ አትጠይቅ። የማን እንደሆነ ታውቃለች እኮ። ኪሱን ትፈትሽ።

ጃኬት_ያዥ፦
ኪሱን ትፈትሽ! ልክ ነው። የእኔ እህት እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ትንሹ ልጅ የሚሠራው ስንት ዓመቱ ነው በነገራችን ላይ? የወላጁን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፣ ድብድቡ አጠገብም ዘመድ ይቁምለት።

ሰርግ_ቆራጯ፦
ሩጫውን ካልቆረጥሽ እኔ ልሞክረው። ጾሙ ስለገባ ሰርግ ቀዝቅዟል፣ እጄ ባዶ ነው። የማዶውን ሾት ገልብጠን አቅጣጫውን ማስተካከል እንችል ይሆናል፤ ከኋላ የሱቅ ታፔላ ካለ ግን ፊደሉ ስለሚገለበጥ ያስነቃል፣ መጀመሪያ እሱን ልየው። ጥሬውን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ እንደ ፋይል አድርገሽ ግን። እንደ ቪዲዮ ከላክሽው ጨምቆ ነው የሚያደርሰው።