ቅዳሜና እሑድ የሚሠራ ሰው መቼ ይረፍ?

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው፤ ከአሜሪካ ለፈቃድ ቤተሰብ ጋ መጥቻለሁ። ሁለት ሥራ ይዛ እንቅልፍ ስላጣችው እህታችን የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። አብዛኞቻችሁ «ጸልዪ» ብላችኋታል። ልክ ናችሁ። ግን ቅዳሴ ላይ ቆማ የምታንቀላፋን ሴት ጸልዪ ብቻ ብሎ ማለፍ ሦስተኛ ሥራ መጨመር ይመስለኛል።

እህቴ፣ ኤልያስን አስቢው። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ለመነ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። ስለ እምነት ማነስም አልሰበከውም። ኤልያስ ተኛ። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና አስነስቶ አበላው። ወደ ኮሬብ የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ብትተኚ ኃጢአት የሠራሽ አይምሰልሽ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ታውቀዋለች። በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ እስከ ከሰዓት አይጾምም፤ ከቀዳም ሥዑር በቀር። ስግደትም የለም። ጉልበት እንኳ እንዲያርፍ ማለት ነው። ቅዳሜ ብዙ ዘመን ካከራከረ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ከእሑድ ጋር ሰንበት ሆኖ እንዲከበር ተወሰነ። እኛ ደግሞ ባሕር ተሻግረን ሁለቱን ቀን ጭማሪ ክፍያ አለው ብለን ድብል፣ ማለትም ሁለት ሺፍት በተከታታይ፣ እንሠራበታለን። እዚህም ቢሆን ቅዳሜ ገበያው ይደምቃል፤ ባሕር ዳር ገዳም አይደለችም። እሑድ ግን ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴ ቤት ይቀመጣል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ወሬው ይደራል። ማንም ሰዓቱን አያይም። እኛ አሜሪካ ጋ ከቅዳሴ በኋላ ያለው የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ስብሰባ ነው! አንቺም ኮሚቴ ውስጥ ካለሽ ለጊዜው ውጪ። ካህናቱ ይረዱሻል፤ ካልተረዱሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

ብዙዎቻችሁ ያላነሳችሁት ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ ላለን ሰዎች ሕጉ የተወሰነ በር ከፍቶልናል። በ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሠራተኛውን የአምልኮ ቀን ለማመቻቸት መሞከር አለበት። በ2023 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ያለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ አይቶ፣ ቀጣሪው እምቢ ለማለት ትንሽ ወጪ ይመጣብኛል ማለት እንደማይበቃው ወስኗል። ከባድ ጫና መሆኑን ማሳየት አለበት። ይህ ማለት እሑድ በራሱ ይለቀቅልሻል ማለት አይደለም። ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ ቅጂውን ያዢ፣ ከሥራ ጓደኛሽ ጋር ሺፍት መቀያየር እንደምትችዪም ጨምረሽ ጻፊ። ብዙዎቻችን ጠይቀን ስለተከለከልን ሳይሆን ሳንጠይቅ ነው የምንሠራው።

ገንዘቡስ? አዎ፣ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ቤተሰብም ማወቅ ያለበት። እነሱ የምትልኪውን እንጂ የቆምሽበትን ሰዓት አያዩም። ድብል ማለት 16 ሰዓት መሆኑን ለእናቴ ስነግራት «እኔን! ታዲያ ማን ላክ አለህ?» አለችኝ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ማን እንደጠየቀ ረስታው ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ለእህቶቼ «እሱን አታስጨንቁት» ትላለች፣ ይህም ቀላል አይደለም።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ካለፈው ሐኪም ጋ ሂጂ። ጸበሉም ይኑር፣ ሐኪሙም ይኑር። መጽሐፈ ሲራክ ራሱ ሐኪምን አክብር ይላል።

ሱባኤ ልግባ ብለሽ ስለ ጣና ገዳማት ለጠየቅሽው፦ ለጥሞና ዘጌ ጥሩ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቡና በጫካ ውስጥ የሚለማበት፣ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል መሬቱ አይታረስም የሚባልበት አገር ነው። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ ምእመኑ ስለሚበዛ ጸጥታ ከፈለግሽ ሌላ ጊዜ ይሻላል። ገዳም የምትገቢው ልትተኚ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ መነኮሳቱ ሌሊት ለጸሎት ይነሣሉ፣ ቀንም ሥራ አላቸው። ስልክሽን ግን ብታጠፊው ማንም አይከፋም። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገቡም፤ ዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትገቢያለሽ። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ስለ አካባቢው ሰላምና ስለ መንገዱ እዚህ የሚኖር ሰው ጠይቂ፣ ሁኔታው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል።