አለን ሪክማን ፊልም የጀመረው እውነት ከ40 ዓመቱ በኋላ ነው?

የማታ ፊልም፦ ትናንት ማታ ዳይ ሃርድን ደግሜ አየሁት። ሰዎችን የሚያግተውን ወንጀለኛ ሃንስ ግሩበርን ሆኖ ለሚተውነው አለን ሪክማን የመጀመሪያ ሲኒማው ነው ሲሉ ሰምቼ ማመን አቃተኝ። ሰውዬው የተወለደው በ1946 ነው፣ ፊልሙ የወጣው በ1988 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። እንዲህ አድርጎ የሚተውን ሰው እስከዚያ የት ነበር? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

መጋረጃ፦ መድረክ ላይ ነበራ! መጀመሪያ የተማረው ግራፊክ ዲዛይን ነው። ለንደን ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ስቱዲዮ ከፍቶ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ26 ዓመቱ ሁሉንም ትቶ ራዳ የሚባለው የትወና ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ እየተማረ ራሱን የሚደጉመው እነ ራልፍ ሪቻርድሰንን የመሳሰሉ ታላላቅ ተዋንያንን ልብስ በማልበስ ነበር። እኔ ይሄን ታሪኩን በጣም ነው የምወደው። በየምሽቱ ኮት ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ፣ ትልልቆቹ እንዴት እንደሚሠሩ ከአጠገባቸው ሆኖ ያይ ነበር። በኋላ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ገባ። በ1985 ሌ ሊየዞን ዳንዠረዝ በሚለው ቴአትር ቫልሞንትን ተጫወተ፣ በ1987 በዚሁ ቴአትር ኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይ ሄዶ ቶኒ ለሚባለው የቴአትር ሽልማት ታጨ። የዳይ ሃርዱ ፕሮዲውሰር ጆኤል ሲልቨር ያየው እዚያ ነው።

ሦስተኛ ደወል፦ ትንሽ ላርም። ዳይ ሃርድ የመጀመሪያ ሲኒማው ነው እንጂ ካሜራ ፊት የቆመበት የመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በ1982 ቢቢሲ ላይ ዘ ባርቼስተር ክሮኒክልስ በሚል ድራማ ኦባዲያ ስሎፕ የሚባለውን አስመሳይ ቄስ ሠርቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ቫልሞንትን የሠራበት ታሪክ በዚያው በ1988 ፊልም ሲሆን ቦታው ለጆን ማልኮቪች ተሰጠ። ማልኮቪች ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ግን ያን ገጸ ባሕሪ ለንደንና ኒው ዮርክ በየምሽቱ ለብሶት የኖረ ሰው እያለ!

የማታ ፊልም፦ ይሄንን አላውቅም ነበር፣ እኔንም አናደደኝ።

ዝምታ፦ ዳይ ሃርድን እንደገና ስታየው ግሩበር ከማክሌን፣ ከሚያሳድደው ፖሊስ ጋር ድንገት ፊት ለፊት የሚገናኝባትን ቦታ ልብ በል። በአንዴ ትከሻው ይወርዳል፣ ዓይኑ ይፈራል፣ አነጋገሩ የአሜሪካዊ ይሆናል፣ ታጋች መሰለ አለቀ። ግሩበር ሱፍ ይልበስ ብሎ ሐሳቡን ያቀረበው ራሱ ሪክማን ነው፣ ታጋች ለመምሰል እንዲመቸው። አለባበስን የሚያስብ ዲዛይነር ስለነበር ይመስለኛል።

የሃሪ ፖተሩን መምህር ስኔፕን ሲሠራም ያው ነው። ከ2001 እስከ 2011 ስምንት የሃሪ ፖተር ፊልም ሠራ፣ አንድም ቀን አልቸኮለም። በቃልና በቃል መሃል ዝም ሲል ያስጨንቅሃል። ዝም ብሎ ሰው ማስጠበቅን ተመልካች ፊት ቆሞ ያልተማረ ሰው እንደዚያ የሚደፍር አይመስለኝም።

መጋረጃ፦ ልክ ነህ። ደግሞ መድረኩን አልተወም። በሃሪ ፖተር መሃል ፕራይቬት ላይቭስ የሚለውን ቴአትር ከሊንዚ ደንከን ጋር ለንደንና ብሮድዌይ ሠርቶ በ2002 እንደገና ለቶኒ ታጨ። ደንከን ያኔ በ1985 ቫልሞንትን ሲሠራ አብራው የነበረችው ናት። ኦስካር ግን በ2016 እስኪሞት ድረስ አንዴ እንኳ አላጨውም።