የ4ኛ ክፍል ልጆች የአለት ዓይነቶችን ስም ይሸመድዳሉ፣ ነገሩ ግን አይገባቸውም። ምን ላድርግ?

የ4ኛ ክፍል መምህርት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ የምጀምረው ምዕራፍ ስለ አለት፣ ስለ መሬት ገጽታ፣ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው። ላብራቶሪ የለንም። ያለኝ ሰሌዳ፣ ጠመኔና ድንጋይ የሞላው ግቢ ነው።

«አለት በስንት ይከፈላል?» ስላቸው በአንድ ድምፅ «በሦስት!» ይላሉ። ስሞቹንም ያንበለብሏቸዋል። ከግቢ አንድ ድንጋይ አንስቼ «ይሄኛውስ?» ስል ግን ጭጭ። ለእነሱ ድንጋይ ለብቻው፣ ተራራ ለብቻው ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ዜና ላይ የሚሰሙት ነገር ነው።

ከየቱ ልጀምር? ያለ ብዙ ዕቃ ምን ላሳያቸው? አንዷ ተማሪዬ ደግሞ «ከእግራችን ስር ያለው እሳት ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃ ክፍሉ በሙሉ ደንግጧል። ሳላስፈራ እንዴት ላስረዳ? በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ እሳተ ገሞራ ልሠራላቸውም አስቤያለሁ።

ድንጋይ ወዳጅ

መምህርት፣ ግቢ ሙሉ ድንጋይ ካለዎት ላብራቶሪ አለዎት ማለት ነው። ጂኦሎጂ ስለተማርኩ አዳልቼ ይሆናል፣ ግን እኔ ከድንጋዩ ነው የምጀምረው።

እያንዳንዱ ልጅ በእጁ መዳፍ የሚያዝ አንድ ድንጋይ ያምጣ። መጀመሪያ ስም አይንገሯቸው። በቡድን ሆነው በፈለጉት መንገድ ይለዩት፤ በቀለም፣ በክብደት፣ በልስላሴ። ከዚያ «ለምን እዚህ መደባችሁት?» ብለው ይጠይቁ። ክርክሩ ሲጦፍ ሦስት ጥያቄዎች ይስጧቸው። የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ይታያሉ? ንብርብር አለው? ቀዳዳ አለው?

እያንዳንዱ ጥያቄ ታሪክ ይዟል። ግራናይት ላይ ቅንጣቶቹ በዓይን ይታያሉ። ምክንያቱም የቀለጠው አለት ከመሬት በታች ቀስ እያለ ስለቀዘቀዘ ክሪስታሎቹ ለማደግ ጊዜ አግኝተዋል። ባዝልት ደግሞ ላይ ወጥቶ ቶሎ ስለቀዘቀዘ ቅንጣቶቹ በጣም ደቃቅ ናቸው። ባልጩት ከሁሉም የፈጠነ ነው፤ ክሪስታል ለመሥራት እንኳ ፋታ ስላላገኘ እንደ መስታወት ሆኖ ቀርቷል። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ጋዝ አምልጦት የሄደ ነው። ፑሚስ ካገኙ ውሃ ላይ ይጣሉት፤ ይንሳፈፋል። ድንጋይ ሲንሳፈፍ ያየ ልጅ ያንን ቀን አይረሳውም።

ንብርብር ያለው ብዙ ጊዜ ከአሸዋና ከጭቃ ተደራርቦ የጠነከረ ነው። በሙቀትና በግፊት የተለወጠው ግን ልጆቹን ይሸውዳል፤ እሱም ንብርብር ሊኖረው ይችላላ። እዚያ ላይ ብዙ አይጨነቁ። የኖራ ድንጋይ እምነ በረድ ይሆናል፣ በዚህ ዕድሜ ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ስለ ኮምጣጤው፦ ተራራው ላይ አያፍስሱት፤ ድንጋዩ ላይ ያንጠባጥቡት! የኖራ ድንጋይ ወይም እምነ በረድ ከሆነ አረፋ ይሠራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ባዝልትና ግራናይት ላይ ምንም አይፈጠርም። አረፋው ደከም ካለ ድንጋዩን በምስማር ትንሽ ፍቀው ዱቄቱ ላይ ያድርጉት። አደራ፣ ድንጋይ በመዶሻ ማስፈለጥ የለም። ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

ነጭ ጠመኔ

ከድንጋይ ወዳጅ ጋር በከፊል አልስማማም። እኔም አስተማሪ ነኝ። ከድንጋይ ስንጀምር ግማሹ ክፍል ያዛጋል። ከታሪክ ጀምሪ፣ እህቴ።

የእኔ ታሪክ ፓሪኩቲን ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 1943 ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ገበሬ በቆሎ እርሻው ላይ እያለ መሬቱ ተሰንጥቆ ጭስና አመድ መትፋት ጀመረ። በማግስቱ ማሳው ላይ ኮረብታ በቅሏል። ዓመት ሳይሞላው ከፍታው ከ300 ሜትር በላይ ሆነ። ሲተፋ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1952 ዝም አለ። ይህን እዚህ ጋ ስታቆሚ ጥያቄው ከልጆቹ ራሱ ይመጣል፦ «ከየት መጣ? ለምን እዚያ? አሁንስ ምን ሆነ?» ያን ጊዜ ድንጋዩን አውጪ። አሁን ድንጋዩ መልስ ሆኗል።

ኮምጣጤና ሶዳውን ግን ተዪው። ልጆች ይወዱታል፣ እውነት ነው፣ ግን የሚይዙት የተሳሳተ ነገር ነው። እሳተ ገሞራ የሚፈነዳው ኮምጣጤና ሶዳ ስለተገናኙ አይደለም። ማግማ (ከመሬት ስር ያለ የቀለጠ አለት) ውስጥ ጋዝ ታምቆ ይኖራል። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ ይለቀቅና ማግማውን ይዞት ይወጣል። የተናጠ የለስላሳ ጠርሙስ ከፍተሽ ብታሳዪአቸው ለእውነታው ይቀርባል። ውጭ ላይ ይሁን፣ ፊትሽን አዙሪ።

ሌላም አለኝ። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ ደግሞ በጣም ወፍሮ የተበጠበጠ ዱቄት አዘጋጂ። በስትሮ ንፊባቸው። ውሃው ውስጥ አረፋው በቀላሉ ይወጣል። ወፍራሙ ጋ ግን አረፋው ይታፈንና ጷ ብሎ ይረጫል። ቀጭን ላቫ (ወደ ላይ የወጣ ማግማ) ጋዙን በቀላሉ ስለሚለቅ ይፈስሳል። የሃዋዩ ማውና ሎዋ ተዳፋቱ የተንጣለለው ለዚህ ነው። ወፍራሙ ጋዙን አፍኖ ይይዝና ይፈነዳል፤ እንደ ቬሱቪየስ ያሉት ተራሮችም ቀጥ ያሉ ናቸው። እና ተመልከቺ፣ ሳታውቂው ስለ መሬት ገጽታ እያስተማርሽ ነው።

የመንታ እናት

አስተማሪ አይደለሁም፣ ግን የልጅቷን ጥያቄ ልጆቼም ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ከእግራችን ስር ያለው እሳት አይደለም፣ ድንጋይ ነው። ይህን በግልጽ ንገሪያቸው። ፍርሃቱ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ድንጋይ ወዳጅ

የመንታ እናት ልክ ነሽ። ሥዕሎቹ ናቸው ያበላሹት። ማንትልን (ከመሬት ቅርፊት በታች ያለውን ወፍራም ክፍል) ቀይ አድርገው ስለሚስሉት ልጆች የፈላ ባህር ይመስላቸዋል። ማንትል በጣም የጋለ ነው፣ ነገር ግን አብዛኛው ጠጣር አለት ነው፤ ሳይቀልጥ እጅግ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። የሚቀልጠው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ለምሳሌ የመሬት ቅርፊት ሲሳሳብና ግፊቱ ሲቀንስ፣ ወይም አንዱ ፕሌት (ከምድር ውጫዊ ክፍል ግዙፍ የአለት ቁራጮች አንዱ) ሌላው ስር ሲገባ ውሃ ይዞ ሲወርድ። እሳተ ገሞራ በየሰፈሩ የማይፈነዳው ለዚህ ነው።

ልጆች ቁጥር ስለሚወዱ ይህንንም ያክሉ። የሰው ልጅ ከቆፈራቸው ጉድጓዶች በጥልቀት የሚታወቀው ሩሲያ ውስጥ ያለው የኮላ ጉድጓድ ነው፤ 12,262 ሜትር። እስከ ምድር መሃል ግን ወደ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ቅርፊቱን እንኳ ጨርሰን አልበሳንም። ሰሌዳው ላይ 6 ሜትር የሚሆን መስመር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያስምሩና ጉድጓዱ የት እንደሚደርስ ያስገምቷቸው። 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ፊዚክስ በቤት

የመሬት መንቀጥቀጡን ለእኔ ተዉልኝ። የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ እንጨት፣ ሁለት ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ የገንዘብ ላስቲክ ብቻ ነው።

አንዱን ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላውን እንጨቱ ስር ይለጥፉ። ሻካራው ከሻካራው ይግጠም። ላስቲኩን እንጨቱ ላይ ያስሩና በጣም ቀስ ብለው ይሳቡ። እንጨቱ ንቅንቅ አይልም። ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ በድንገት ድው! እንጨቱ ይዘላል። የመሬት መንቀጥቀጥ ማለት ይኸው ነው። ፕሌቶቹ ሁልጊዜ ይገፋፋሉ፣ ስንጥቁ ላይ ግን ሰበቃው ይይዛቸዋል። የተጠራቀመው ኃይል ሰበቃውን ሲያሸንፍ አለቱ ይንሸራተታል።

አሁን ዋናው ጨዋታ። እንደገና ይሳቡና «አሁን ሊዘል ነው» የሚል ልጅ እጁን ያውጣ። አንዱ ቶሎ ያወጣል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አብዛኞቹ ይስታሉ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መተንበይ ለምን እንዳልተቻለ ያኔ ይገባቸዋል። «ነገ በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል ወሬ ሲሰሙም አይደነግጡም።

ማዕበሉን ለማሳየት ልጆቹን በሰልፍ አቁመው እጃቸውን ከፊታቸው ባለው ልጅ ትከሻ ላይ ያስደርጉ። የመጨረሻውን ቀስ ብለው ይግፉት። ግፊቱ እስከ ፊተኛው ይደርሳል፣ ልጆቹ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። ኃይል እንጂ አለቱ ራሱ ያን ሁሉ መንገድ አይጓዝም።

ነጭ ጠመኔ

ይህን የላስቲኩን ወስጃለሁ!

ስለ ፍርሃቱ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ምን እንደሚያደርግ ሲያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ልምምድ አድርጊ። ዝቅ ማለት፣ ጠረጴዛ ስር መግባት፣ የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ መያዝ። ውጭ ከሆኑ ከሕንፃና ከኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ። ባህር ዳርቻ ላይ ሆነው ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ከተሰማ ወይም ውሃው ድንገት ከሸሸ ወደ ከፍታ መሮጥ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2004 በሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ጊዜ ታይላንድ ውስጥ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ የባህሩን ሁኔታ አይታ ወላጆቿን አስጠንቅቃለች፤ የባህር ዳርቻውም ሰው ተርፏል። ምልክቱን ያወቀችው ከጥቂት ጊዜ በፊት በጂኦግራፊ ክፍል ተምራው ነው። ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው። ያኔ እኩያቸው ነበረች።

የ4ኛ ክፍል መምህርት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! በፓሪኩቲን ጀምሬ ወደ ድንጋዩ እወርዳለሁ። ኮምጣጤውም ወደ ድንጋዩ ተዛውሯል። ተራራና ሸለቆው ላይ ግን ገና ባዶ ነኝ። ደግሞ አንዱ የጡብ ስባሪ እንደሚያመጣልኝ ከአሁኑ ይታየኛል። ምን ልበለው?

ድንጋይ ወዳጅ

ለሸለቆው፣ ትሪ ላይ እርጥብ አሸዋ ቆልለው ከአንድ ወገን ከፍ ያድርጉት። ከላይ ውሃ በቀጭኑ ያፍስሱ። ቦዩ ሲቦረቦር፣ ታች ደግሞ ደለሉ እንደ ማራገቢያ ሲዘረጋ በደቂቃዎች ያያሉ። አሸዋው ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀብረው ይድገሙት። ውሃው ጠንካራውን ዞሮ ሲሄድ፣ አለትና የመሬት ገጽታ ምን እንደሚያገናኛቸው ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። ለተራራው ኤቨረስትን ይጠቀሙ። ጫፉ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውስጡም የባህር እንስሳት ቅሪት አለበት። «እንዴት እዚያ ወጣ?» ብለው ይተዉት። የሕንድና የዩራሺያ ፕሌቶች ግጭት በማግስቱ ይደርሳል።

ጡቡን አይመልሱት። ሰው የሠራው ስለሆነ አለት አንለውም፤ ግን ከሸክላ አፈር ተሠርቶ በእሳት የጠነከረ ነው። «ያልተወሰነ» የሚል ክምር ይክፈቱለትና ኮንክሪትም ከመጣ እዚያው ያስገቡት። ልጆቹ ይከራከሩበት።