ከዓባይ ማዶ ለሥራ የምመላለስባት ሳይክል፦ የትኛዋን ልግዛ?

ጥያቄ፦ የዓባይ ማዶዋ መምህርት

እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው፤ የማስተምረው ግን ቀበሌ 14 በኩል ነው። ደርሶ መልሱ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠዋት ባጃጅ ጥበቃ፣ ማታ ባጃጅ ጥበቃ፤ በዚያ ላይ የወሩን ትራንስፖርት ደምሬ ባየው ደነገጥኩ። ሳይክል ልገዛ ቆርጫለሁ።

ዕድሜዬ 41፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከ58 ነው። ወገቤን አልፎ አልፎ ያመኛል። ልጅ ሆኜ በወንድሜ ሳይክል ተለማምጄ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልነካሁም። ለሥራ የምለብሰው ቀሚስ ነው። ስመለስ ከገበያ የምይዘው አይጠፋም፤ የስድስት ዓመት ልጄም «እኔንስ?» ማለቷ አይቀርም።

በእጄ ያለው 15 ሺህ ብር ነው። ቅዳሜ ዕለት አንድ ሱቅ ገብቼ ባለ 21 ማርሽ ማውንቴን (የተራራ ሳይክል) አሳዩኝ። ሻጩ «ከፊትም ከኋላም ሞላ አላት፣ ጉድጓድ አይሰማዎትም» እያለ አሞገሳት። ስወጣባት ግን መሪው ታች፣ ኮርቻው ላይ፤ ስግደት የገባሁ መሰለኝ። ወገቤ መንገድ ሳንወጣ እዚያው ሱቅ ውስጥ አመመኝ። ዋጋዋም ከያዝኩት በላይ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ የአባቱን አሮጌ ባለ 28 ኢንች ጎማ ሳይክል በርካሽ ውሰጂው ይለኛል። የቱ ይሻለኛል? ሌላም ካለ ንገሩኝ።

መልስ፦ የጨርቃ ጨርቁ ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመት በሳይክል ነው የተመላለስኩት፤ የሌሊት ፈረቃም ሳይቀር። ያኔ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱን የሚሞላው ሳይክል ነበር፤ መኪናው ነበር ቆሞ የሚያሳልፈን። አሁን ነገሩ ተገላብጧል።

ማርሽ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ባሕር ዳር ጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጣሽ በቀር ምን ዳገት አለና ነው 21 ማርሽ? ማርሽ በበዛ ቁጥር ሽቦው፣ ጥርሱ፣ ካቴናውን የሚገፋው ክንድ፣ ሁሉም በአንቺ ኪስ ነው የሚጠገነው። ባለ አንድ ማርሽ ጥቁር ሳይክል፣ ሙሉ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ያለው፣ ካቴናው በቆርቆሮ የተሸፈነ፤ ዘይት ጠብ ታደርጊለታለሽ፣ አለቀ። ኮርቻው ሰፊና ከሥሩ ሞላ ያለው፣ መሪው ወደ አንቺ ታጥፎ የሚመጣ ይሁን። ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ለመንገደኛው ሰላምታ እየሰጠሽ ትሄጃለሽ። ወገብን የሚገድለው መደፋት ነው።

የጎረቤትሽን ውሰጂ። የዱሮ ብረት ነው።

መልስ፦ የማርቆሷ

አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ባለ 28 ለእህታችን አይሆንም። የዱሮው የወንድ ሳይክል ከኮርቻው እስከ መሪው አግድም ብረት አለው። በዚህ ቁመት፣ ቀሚስ ለብሳ፣ ያን ብረት እንዴት ነው የምትሻገረው? ከፊቷ ያለ ባጃጅ ድንገት ሲቆም እግሯ መሬት ካልደረሰ በጎኗ ነው የምትወድቀው። ልኩን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ብረቱን በእግሮችሽ መሀል አድርገሽ ቁሚ፤ ሁለቱም ተረከዝሽ መሬት ነክቶ በአንቺና በብረቱ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ካልቀረ ያ ሳይክል የሌላ ሰው ነው።

ለአንቺ የምትሆነው መሀሏ ዝቅ ያለች፣ እግር በፊት በኩል የምታሳልፍ፣ «የሴት ሳይክል» የሚሏት ናት። ወንዶችም ቢነዷት አይሞቱም፤ ጉልበቱን የሚያመው ባለቤቴ የእኔን ነው የሚወስድብኝ።

በማርሹ ነገር ከአባቴ ጋር ግማሽ ግማሽ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ እናንተ 1800 አካባቢ ናችሁ፤ ዋናው ልዩነት ግን ከፍታው አይደለም፣ የእኛ ከተማ ወጣ ገባ መሆኑ ነው። እዚህ ያለ ማርሽ ሳይክል መግዛት የሚገፋ ዕቃ መግዛት ነው። ባሕር ዳር አንዱ ይበቃል። ግን ልጅ ከኋላ ጭነሽ የጣና ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣብሽ፣ ከኋላ ብቻ ስድስት ወይም ሰባት ማርሽ ያላት ብትሆን ታመሰግኛታለሽ። ከፊት የሚደረደረው ሦስት ጥርስ ግን ለሻጩ ወሬ እንጂ ለአንቺ ምንም አይሠራም።

የነጠላሽን ነገር አደራ። ጫፉ ከኋላ ጎማ ጋር ከተጠመጠመ አንገት ይዞ ነው የሚጥለው። እኔ ቦርሳ ውስጥ አድርጌው ሄጄ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ ነው የምለብሰው። የቀሚስሽን ጠርዝ በልብስ መስቀያ ቆንጣጭ ከኮርቻው ሥር ያዝ አድርጊው፤ ካቴናው ሽፋን ከሌለው አትግዢ፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ቀሚስሽ ግራሶ በግራሶ ይሆናል።

መልስ፦ የዳንግላው

በ15 ሺው ጠቦት ግዢና አደልቢ፣ ለፋሲካ ሽጠሽ ሁለት ሳይክል ትገዣለሽ። አንዱን ለእኔ።

መልስ፦ ጎሚስታው

ቲቸር፣ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የሳይክልና የባጃጅ ጎማ የምጠግን ነኝ። የምነግርዎት ተሰብሮ እኔ ጋ የሚመጣውን አይቼ ነው።

ያቺን ሞላ በሞላ ማውንቴን ይተዋት። ውድ ሳይክል ላይ ያለው ሞላ ሌላ ነው፤ በእርስዎ አቅም የሚመጣው ግን ፔዳል በረገጡ ቁጥር ጉልበትዎን እየዋጠ የሚወዛወዝ ከባድ ብረት ነው። መጋጠሚያው ሲላላ የሚተካ ዕቃ አይገኝም። የኮብልስቶኑን መንዘርዘር የሚያበርደው ሰፊ ጎማና ልከኛ ነፋስ ነው። ጎማው ጎን ላይ የነፋሱ ልክ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ተጽፏል። ደንበኛ ሁሉ «ድንጋይ አድርገህ ንፋልኝ» ይለኛል፤ በሳምንቱ «ወገቤን» እያለ ይመለሳል።

አሁን ማንም የማይነግርዎትን ልንገርዎት። ሰው ይመጣና «ባለ 26 ጎማ ስጠኝ» ይላል። ባለ 26 የሚባለው አንድ አይደለም። 26 በ1.75፣ 26 በ1.95 ተብሎ በነጥብ የተጻፈው የማውንቴን ነው፤ 26 በ1 3/8 ተብሎ በክፍልፋይ የተጻፈው የከተማ ሳይክሎች ቀጭን ጎማ ነው። የአንዱ ጎማ በሌላው ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ቀለበት) ላይ ቢሞቱም አይገባም። እውነተኛው ልክ እዚያው ጎማ ላይ በትንሹ የተጻፈው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው 559 ይላል፣ ሁለተኛው 590። ባለ 28ም እንደዚያው፤ የዱሮው ጥቁር ሳይክል 635 ነው፣ የአሁኖቹ 622። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሥተው መለዋወጫ ሱቆች ይዙሩ፤ «የዚህ ጎማና ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) አላችሁ?» ይበሉ። የለም ካሉ ሳይክሏን በነጻ ቢሰጡዎትም ውድ ናት። የነፋስ መግቢያዋም እንደ መኪናው ወፍራሙ ይሁን፤ ቀጭኑ ከሆነ የእኛ መንፊያ ያለ ማገናኛ አይገባበትም።

በ15 ሺህ ብር አዲስ ለመግዛት አይታገሉ። ያገለገለች ይፈልጉ፤ ሲያዩም ቀለሟን ይርሱት፣ ቀለም እኛም እንቀባለን። ጎማውን ከመሬት ከፍ አድርገው ያሽከርክሩት፤ ቸርኬው በፍሬኑ ጎማዎች መካከል ወዲያ ወዲህ ካለ ራጂው (ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) ላልቷል ወይም ተሰብሯል። የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። የፊት ፍሬን ይዘው ሳይክሏን ወደፊት ወደኋላ ይግፏት፤ መሪው ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማዎት እዚያም ሥራ አለ። ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ በጣት ወደፊት ይሳቡት፤ ተነሥቶ ጥርሱ ራቁቱን ከታየ ካቴናው ተለጥጧል፣ ምናልባት ጥርሱንም ይዞት ሄዷል። እነዚህ ሁሉ ይጠገናሉ፤ ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው። በቀላሉ የማይጠገነው የአካሉ ስንጥቅ ነው። ብረቶቹ የተበየዱበትን ቦታ ሁሉ ቀለሙ የተሰነጠቀ ወይም የተላጠ እንደሆነ ይዩ። ማግኔት ቢይዙ ጥሩ ነው፤ ከያዘ ብረት ነው፣ የትም ይበየዳል፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፣ ቀላል ነው ግን የእኛ በያጅ አይደፍረውም።

ሌላው የሌባ ነገር። ፔዳሉ ከሚዞርበት ሥር፣ ሳይክሏን ገልብጠው ሲያዩ፣ የተመታ ቁጥር ይኖራል። ተፍቆ ከሆነ ይሂዱ። ካለም ውል ላይ ያስጽፉት፤ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ከምስክር ጋር ይያዙ። በኋላ ባለቤት ነኝ ባይ ሲመጣ ያለ ወረቀት ማስረዳት አይቻልም።

መልስ፦ የእንጅባራው

ሁሉም በጋውን ነው ያሰቡት። ክረምት ሲገባ ቸርኬውን ጨምድዶ የሚያቆም ፍሬን ሲረጥብ መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ የሚያብረቀርቀው የብረት ቸርኬ ደግሞ ከአሉሚኒየሙ ይብሳል። ከመቆምሽ ቀደም ብለሽ ሁለት ሦስቴ ቀስ እያልሽ ነካ ነካ አድርጊው፣ ውሃውን ያራግፋል። ፓራፋንጎ የሌላት ሳይክል ይዘሽ እኛ ጋ ብትመጪ ጭቃው ጀርባሽ ላይ ካርታ ይሥላል።

የዓባይ ማዶዋ መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ። የማርቆሷ እንዳለችው ባለ 28ቱ ላይ ቆሜ ለካሁ፤ ሁለት ጣት ይቅርና ትንፋሽም አልቀረም። ተመለሰ።

አሁን ሁለት አገኘሁ። አንዷ መሀሏ ዝቅ ያለች፣ ቀይ፣ የኋላ መጫኛና የካቴና ሽፋን ያላት፣ ስድስት ማርሽ ከኋላ። ጎማዋ 590 ይላል። ሌላዋ ዝቅ ያለች ባትሆንም ብረቷ ወደታች ያዘነበለ ማውንቴን፣ ያለ ሞላ፣ 559 የምትል፤ ፓራፋንጎ የላትም፣ መሪዋም ዝቅ ያለ ነው። ቀይዋ በልቤ ገብታለች፤ ግን አራት ሱቅ ዞሬ 590 ያገኘሁት አንዱ ጋ ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ፍሬ። የ559 ጎማ ሁሉም ጋ ሞልቷል።

መልስ፦ ጎሚስታው

ቀይዋን ይውሰዱና ሁለቱንም ጎማ ያኔውኑ ይግዙ፣ ካላማዳሪያም ጨምረው። ጎማው ጨለማና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። ማውንቴኗን ለከተማ መለወጥ ይቻላል፤ ከፍ ያለ መሪ፣ ፓራፋንጎ፣ መጫኛ፣ ሽፋን። ሲደምሩት ግን ከቀይዋ ትበልጣለች።

ልጅዎን ከመጫንዎ በፊት የእግር መከላከያ ያስሠሩ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ተረከዙ ራጂው ውስጥ ይገባል። ይህን ብዙ አይቻለሁ፤ ዝርዝሩን አልነግርዎትም። መጫኛው ላይ ትራስ ብቻ አድርጎ «ያዢኝ» ማለት አይበቃም።

የጨርቃ ጨርቁ ጡረተኛ

ቁመቷን ሳላነብ ነው የመለስኩት፤ የማርቆሷ ልጄ ልክ ነሽ። በአንዱ ግን አልለወጥም፤ ስድስቱን ማርሽ ትገዛለች፣ በሦስተኛው ላይ አቁማ ትረሳዋለች። ታዩታላችሁ።

የዓባይ ማዶዋ መምህርት

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከጎማዎቹና ከጥገናው ጋር 15 ሺው አልበቃም፣ ትንሽ ተበደርኩ። እሑድ እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ ድልድይ የሳይክል መሄጃ ላይ ነው የተለማመድኩት፤ 380 ሜትር ሄዶ መመለስ፣ ታች ዓባይ፣ የሚገፋ ባጃጅ የለም። አሁን ትምህርት ቤት የምደርሰው በባጃጅ ከምደርስበት ቀድሜ ነው፤ ወረፋውን ከቆጠርኩ። ወገቤ ምንም አላለኝ። ጋሼ፣ ማርሹ እውነትም ሦስተኛው ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ጉልበቴን ከፊት በኩል፣ ሎሚው ላይ ይወጋኛል።

መልስ፦ ጎሚስታው

ኮርቻው ዝቅ ብሏል። እግሬ መሬት ይድረስ ብለው ዝቅ አድርገውታል፣ አይደል? ግድግዳ ተደግፈው ይውጡባት፣ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ሲነዱ የሚረግጡት በጣትዎ በኩል ስለሆነ ያኔ ጉልበትዎ በትንሹ ታጥፎ ይቀራል፤ ልኩ ያ ነው። በአንዴ አይስቀሉት፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ጣት ያህል። ሲቆሙ ከኮርቻው ወደፊት ይውረዱ፤ ዝቅ ያለችዋን የገዙት ለዚህ ነው።

ኮርቻው የሚወጣበት ብረት ላይ «ከዚህ በላይ አይውጣ» የሚል ጭረት አለ፤ እሱን አይለፉ። ዳዶው አልፈታ ካለ ይዘዋት ይምጡ፣ ገንዘብ አልቀበልዎትም።

የዓባይ ማዶዋ መምህርት

ዳዶው አልፈታ ብሏል። ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ እመጣለሁ፤ የልጅቷንም እግር መከላከያ ለኩልኝ፣ ይዣት ነው የምመጣው። በባጃጅ።