ነባር ባልደረባዬ ለምታደርስብኝ በደል ምክር እሻለሁ

የ23 ዓመት ወጣት ስሆን፣ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። አንዲት ነባር ባልደረባዬ ደንበኞች ባሉበት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» እያለች ታሸማቅቀኛለች፤ ባለፈው ሳምንትም ራሷ አሳስታ የመዘገበችውን ደረሰኝ የእኔ ጥፋት አድርጋ ለኃላፊያችን ነገረች። በዕድሜ እናቴን ስለምታህል መመለስ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ግን እንደ ማመን ተቆጠረብኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ስለሚችልና በዚህ መካከል ለሥራው ብቁ አይደለሽም ተብዬ ያለ ማስጠንቀቂያ ልሰናበት ስለምችል፣ አቤት ማለት ያስፈራኛል። የተናገረችኝን ከነቀኑ በማስታወሻ እየያዝኩ ነው። እስኪያልፍ ልታገሥ ወይስ አሁኑኑ ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ላመልክት? በዚህ ያለፋችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ አቤቱታውን እንዴት እንደጀመራችሁት ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።